ያልታጠበው ፊልም

ቅዳሜ ጠዋት ማስተዋል እንደወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሣች። ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር መጀመሪያ የቧንቧውን ድምፅ አዳመጠች፤ አየሩን ሲያንኮራፋ ቆይቶ መፍሰስ ሲጀምር አራቱን ጀሪካኖች በየተራ ሞላች። ግቢውን ጠረገች። ናዝሬት ውስጥ ግቢ መጥረግ ለዛሬው ነፋስ ቦታ ማዘጋጀት ነው ይል ነበር ባሏ ጉርሜሳ፤ እሷ ግን ሳትጠርግ የዋለችበት ቀን የለም። ሻይ አፈላች። ባለ አሥር ብሩን ዳቦ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን በላች፤ ግማሹን በሰሐን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዳቦው ድሮ ባለ ሦስት ብር ሳለም እንዲሁ ለሁለት ይከፈል ነበር። ለማን እንደምታስቀምጥ የጠየቃት ሰው የለም፤ ከሰዓት በኋላ ራሷ ትበላዋለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ይዛ ከግቢው ጥግ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ሄደች። ክፍሏ የጉርሜሳ መሥሪያ ነበረች፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ማስተዋል ማክሰኞና ቅዳሜ ጀማሪዎችን የምታስተምረው እዚያው ነው። በሩን ስትከፍት የዋንዛ እንጨት ሽታ እንደ ሁልጊዜው ቀድሞ ወጣ። ሞርሳው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አለ። መሮዎቹ ከጠባቡ እስከ ሰፊው በጨርቅ ኪሳቸው ውስጥ አሉ። መላጊያው፣ ሞረዱ፣ የኮላው ጣሳ፣ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ግን አሥራ አራት ሚስማሮች ብቻቸውን ቆመዋል። ንድፎቹ የሉም።

ንድፎቹ የተቆረጡት ከራጅ ፊልም ነበር። ካርቶን ጥቂት ጊዜ እርሳስ ከዞረበት ጠርዙ ይበላል፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ይወፍራል። የራጅ ፊልም ቀጭን ነው፤ አይቀደድም፤ እንጨቱ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛል። ጉርሜሳ ክሊኒኮች የሚጥሉትን ለምኖ ያመጣና በረኪና በገባበት ውሃ ውስጥ ያሳድራቸዋል። ጠዋት ጥቁሩ በጣት ሲነካ እንደ ወተት ስልባቦት ይላቀቃል። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጉልበት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትከሻ ታጥቦ ቱቦ ውስጥ ይወርድና እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ ይቀራል። መጥራቱ የሚፈለገው ከሥሩ የእንጨቱ ጅማት ወዴት እንደሚሄድ እንዲታይ ነው፤ ጅማቱን ያላየ ጀማሪ መሮውን በተቃራኒ ይነዳና እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ከታጠበ በኋላ ማስተዋል ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በኮምፓስና በማስመሪያ ትነድፋለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ሥዕል ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት ያስተማረችውም እሱኑ ነው። እሷ የነደፈችውን ጉርሜሳ በስለት ይቆርጠዋል። ጥልፍልፉም፣ የሐረግ ቅጠሉም፣ የሳጥን ክዳን ላይ የሚሄደው ሰንሰለትም ከእሷ እጅ የወጡ ናቸው። ደንበኛ ሲያደንቅ ጉርሜሳ ወደ እሷ ይጠቁማል፤ ደንበኛውም ባል ሚስቱን ማክበሩ ነው ብሎ ፈገግ ይላል።

ከአሥራ አራቱ አንዱ ብቻ አልታጠበም። የመጀመሪያው ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለው፣ የጀማሪው ንድፍ፣ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ነው። ማንም ሰው ኮምፓስ ካለው ሊሠራው ይችላል፦ አንድ ክብ ይሠራል፤ ከዚያ የኮምፓሱን ስፋት ሳይነኩ እግሩን ክቡ ላይ እየተከሉ ስድስት ጊዜ መዞር ነው። የተቆረጠበት ፊልም የጉርሜሳ የራሱ ደረት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሳሉ አልለቅ ብሎት ራጅ ሲነሣ እሷ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ባለሙያው «አየር ሳቡ፤ ያዙት፤ እንዳይተነፍሱ» ሲል ሰምታለች። ከሳምንት በኋላ ጉርሜሳ ፊልሙን ከፖስታው አወጣና ብርሃን ላይ ይዞ፣ «ሐኪሙ ካየው አየው፤ ይሄን የሚያህል ፊልም ለጀማሪ ይሆናል» አላት። በረኪናውን ሊያነሣ ሲል እጁን ያዘችው። «ይሄ አይታጠብም» አለች። ሳሉ እስኪቀሰቀስ ሳቀ። ከዚያ አበባውን ከጎድኖቹ በታች፣ ከገላው ውጭ ጥቁር ብቻ በሆነው ቦታ ላይ ቆረጠው፤ አንድም አጥንት አልነካም። በአራተኛው ወር አረፈ።

ፎቶግራፎች አሏት። የሠርጉም፣ የምረቃውም፣ ሶደሬ ወንዝ ዳር የተነሡትም ግድግዳ ላይ አሉ። ፎቶግራፍ ላይ ሰው ለሌላ ሰው ፈገግ ይላል። ፊልሙ ላይ ግን ጉርሜሳ አንድ ትንፋሽ ስቦ ይዟል፤ ገና አላወጣውም። በላይኛው ጥግ በነጭ ፊደል ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀኑ አለ። የማን ደረት እንደሆነ ለተማሪዎቿ ነግራ አታውቅም። «ከጥቁሩ ጀምሩ» ትላቸዋለች፤ እነሱም ይጀምራሉ።

ሻሼ በሩ ላይ ደረሰች። ሻሼ ወንጂ የተወለደች፣ አባቷ ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሴት ናት፤ የማስተዋልን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትማራለች። ባዶውን ግድግዳ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልመለሷቸውም እንዴ?»

«ማን?»

«ጋሽ ፈዬራ። ሐሙስ ዕለት፣ እርስዎ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ፣ እኔ ቁልፉ ስለነበረኝ መጥረቢያ ላስቀምጥ ከፍቼ ሳለ መጡ። ‹የወንድሜ ቤት ነው፤ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ ነው?› አሉኝ። በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። የነገሩዎት መስሎኝ ነው እኮ፤ በሞቴ።»

ፈዬራ የጉርሜሳ ታናሽ ወንድም ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሃያ ዓመት የዕቃ ማስለቀቅ ሥራ ሠርቷል፤ አሁን ሥልጠና ከፍቷል የሚባል ወሬ ማስተዋል ጆሮ ደርሶ ነበር። የምን ሥልጠና እንደሆነ አልጠየቀችም። ከጉርሜሳ የሙት ዓመት ወዲህ ቤቷ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ሙቀት አውርተው ተለያዩ። ሦስተኛው የሐሙሱ መሆኑ ነው።

ሃኒ ስትመጣ የጫማ ፋብሪካ ሸሚዟን ለብሳ ነበር። ዱከም ከሚገኝ ፋብሪካ ከተቀነሰች ስድስት ወሯ ቢሆንም ሸሚዙ ለእንጨት ሥራ ይመቻል ብላ አልጣለችውም። «ውይ፣ ቲቸር፣ ግድግዳውን ማን ላጨው?» አለች። ሻሼ ነገሩን ስትነግራት ስልኳን አወጣችና ማስታወቂያ አሳየቻቸው። «የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ለጀማሪዎች። በሦስት ሳምንት። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የቤተሰብ ጥበብ። ሰባት ሺህ ብር፤ ሰርተፊኬትን ጨምሮ።» ከጽሑፉ ጎን ፈዬራ ክራባት አስሮ መሮ ይዟል። መሮውን የያዘው እንደ እስክሪብቶ ነው።

«ሦስት ሳምንት!» አለች ሃኒ። «እኔ በሦስት ሳምንት የተማርኩት መሮ መሳል ብቻ ነው።»

«እሱንም አልቻልሽም» አለቻት ሻሼ።

ማስተዋል አልሳቀችም። «ሁለታችሁም መሮ ሳሉ። እስክመለስ እንጨት አትንኩ» ብላ ነጠላዋን አነሣች። መንገድ ላይ ባጃጁ ኮንትራት መቶ ሃያ ብር ሲላት እንደ ሌላው ቀን አልተከራከረችም። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ተሳቢዎች አስፋልቱን ይዘውታል፤ ነፋሱ ከሥራቸው አቧራ እያነሣ ባጃጁ ውስጥ ይጥላል። ባለባጃጁ፣ «እማማ፣ መጋረጃውን ላውርደው?» አላት። አልሰማችውም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ሌላው ተነድፎ የሚተካ ነው፤ አሥራ ሦስቱን በአንድ ወር ትሠራቸዋለች። ጥቁሩን ግን ዛሬውኑ ይዛ መመለስ አለባት።

ሥልጠናው ከቀለምና ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እየወጣች ሳለ የፈዬራ ድምፅ በተከፈተው በር ወደ እሷ መጣ። ድምፁ የጉርሜሳን ይመስላል፤ ያ ደግሞ ደረጃው መሐል ላይ አቆማት።

«…እነዚህን ንድፎች በገበያ አታገኟቸውም። አባታችን በእጁ የሠራቸው ናቸው። ከአባታችን ወንድሜ ተማረ፤ ከወንድሜ እኔ ተማርኩ። ዛሬ ደግሞ እናንተ የዚህ ቤተሰብ ልጆች ሆናችሁ ማለት ነው።»

ጭብጨባ ሰማች። የባሏ አባት ኦቦ ምልኬሳ ከአርሲ ከብት እየነዱ ናዝሬት የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ንድፎች የሠራችው እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ልቅሶ የመጣው እንግዳ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ነው። ቀኑን ታስታውሰዋለች። የቀሩትን ደረጃዎች ወጣች።

አሥራ ሁለት ሰዎች የፕላስቲክ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሞርሳ የለም። ማሰሪያ የለም። እያንዳንዱ ሰው ሳንቃውን በግራ እጁ ከፊት ይዞ በቀኝ እጁ መሮውን ወደዚያው ወደ ግራ እጁ ይገፋል፤ ፈዬራ ያሳያቸው እንዲያ ነው። በሩ አጠገብ ያለች ጠይም ልጅ መሮው አንሸራቷት ከአውራ ጣቷ ለጥቂት ሳታት፤ ደንግጣ ሳቀች። ማስተዋል አጎንብሳ የልጅቷን እጅ ያዘችና ወደ ኋላ አመጣችው።

«እጅሽ ከስለቱ ፊት አይቀመጥ፣ የኔ ልጅ። ምንም ቢሆን። ሁለቱም እጆችሽ ከመሮው ኋላ ናቸው፤ እንጨቱን የሚይዝልሽ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ያለ ትምህርት ነው።»

ፈዬራ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ድንጋጤ መጣና ወዲያው በፈገግታ ተሸፈነ። «እትዬ! እንኳን ደህና መጣሽ። ሠልጣኞች፣ የወንድሜ ባለቤት ናት። እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ከጎኑ ያልተለየች ሴት። ሻዩን፣ ምሳውን፣ ሁሉን ነገር…»

«ፈዬራ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። «አባታችሁ ከብት ነጋዴ ነበሩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። መሮ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ጉርሜሳ ሙያውን የተማረው ከአንድ አናጺ ዘንድ ሰባት ዓመት ተቀጥሮ ነው። ንድፎቹን የነደፍኩት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ እዚህ የተቀመጡትን ሰዎች ጣት ልታስቆርጥ ነው።»

አንድ ሰው መጋዙ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀበት። ከኋላ፣ «ታዲያ እሳቸው ለምን አያስተምሩንም?» የሚል ሹክሹክታ መጣ፤ ሌላው «ዝም በል አንተ፣ ሰርተፊኬትህን ውሰድ» አለው።

ቢሮ የሚሉት አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። የፈዬራ ሚስት ኦብሴ እዚያ ሆና የሠልጣኞችን ስም ትመዘግባለች። ጉርሜሳ ሲያርፍ ኦብሴ እስከ ተዝካሩ ድረስ ከማስተዋል ጋር መሬት ላይ ተኝታለች፤ ዛሬ ግን ማስተዋል ስትገባ ብድግ አለችና ዓይኗን መዝገቡ ላይ ተከለች። ሳይሳሳሙ ቆሙ። የአየር ማራገቢያው እየተንቋቋ ይዞራል። ከታች ባለ ሱቁ ቆርቆሮ ሲያወርድ ይሰማል። ሦስቱም የቆርቆሮውን ድምፅ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«በተማሪዎቼ ፊት» አለ ፈዬራ በመጨረሻ። «በተማሪዎቼ ፊት አዋረድሽኝ፣ እትዬ። ብትጠይቂኝ እኮ…»

«አንተ ብትጠይቀኝ።»

«ለክፋት ነው እንዴ የወሰድኩት? የጋሼ ስም እንዳይጠፋ ነው እኮ።»

«ስሙን አልጠራኸውም። ደረጃው ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ‹ወንድሜ› ነው ያልከው። ንድፎቹን ስጠኝ።»

ፈዬራ በአገጩ ወደ ኦብሴ ጠቆመ። ኦብሴ ከመሳቢያ አዲስ የፕላስቲክ ማኅደር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ፊልሞቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ የጣት አሻራቸው ሳይቀር ተወልውሏል። ማስተዋል ቆማ ቆጠረቻቸው። ጥልፍልፉ። ሐረጉ። ሰንሰለቱ። ጥቁሩን ስላላየች አንዱ ጎድሏል ብላ ነበር፤ ቁጥሩ ግን አሥራ አራት ሆነ። እንደገና ቆጠረች።

«ጥቁሩ የታለ?»

የፈዬራ ፊት ፈካ። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያኮራው ነገር አገኘ። «እሱን ልነግርሽ ነበር! አንዷን ረስታችኋት ኖሯል፤ ሳትታጠብ ነበረች። ጋሼ እንዲህ እንደማይተዋት አውቃለሁ፤ ደክሞት ይሆናል። እኔ ራሴ አጠብኳት። ልክ እሱ እንዳሳየኝ፣ በረኪና ውስጥ አሳድሬ። ግትር ነበረች፤ ጥጓ ላይ ያለው ጽሑፍ አልለቅ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ያቻትልሽ፣ ከሁሉም በላይ የጠራችው።»

ከማኅደሩ መዝዞ ሰጣት። ማስተዋል ወደ መስኮቱ ዞረችና ከፍ አድርጋ ያዘችው። በፊልሙ ውስጥ መንገዱ ታየ፤ የተሳቢ ጎን፣ ጥላ የያዘች ሴት፣ የቆርቆሮ ክምር። ከታች ስድስት ቅጠል ያለው ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው በላይ ምንም የለም። ጥጉን በአውራ ጣቷ አሸችው፤ ለስላሳ ነው።

ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ብትነግረው ግን ምን እንደሚሆን አየችው። ፈዬራ ያለቅሳል። ለቅሶ ቶሎ ይመጣለታል፤ በቀብሩ ዕለት ከእሷ በላይ ጮኾ ሦስት ሰው ደግፎት ነበር፤ እሷንም «አጽኚው እንጂ» ብለዋት ነበር። ዛሬም ራሱን ይመታል፤ ኦብሴ ታለቅሳለች፤ ነገ ሽማግሌ ይልካል፤ «ባለማወቅ ነው» ይላሉ፤ እውነትም ባለማወቅ ነው፤ እሷም ይቅር ማለት፣ ከዚያም አልፋ ማጽናናት ይጠበቅባታል። መሥሪያውን ሳይጠይቅ ከፈተ። ንድፉን ለአባቱ ሰጠው። ይሄን ኀዘን ግን አታካፍለውም።

«ውሃውን የት ደፋኸው?» አለችው።

«የቱን ውሃ?»

«ያጠብክበትን።»

«የት ይደፋል? ቱቦ ውስጥ ነዋ።» ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ደረጃውን ስትወርድ ኦብሴ ተከተለቻት። መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሳ ክንዷን ያዘች። «እትዬ ማስተዋል፣ ያ ፊልም… የማን ነበር?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ማስተዋል ማኅደሩን ከነጠላዋ ሥር አደረገችው። «የጀማሪዎች ነው» አለቻት፤ ባጃጅም ሳትጠራ በእግሯ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሃኒና ሻሼ አልሄዱም፤ መሮዎቹን ሁሉ፣ የማያስፈልጋቸውን ጭምር፣ ስለው ጨርሰው ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋቸዋል። ሻሼ ቆማ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ቁልፉንም ይውሰዱት» ብላ ዘረጋችላት። ማስተዋል ቁልፉን አልተቀበለችም። ንድፎቹን በየሚስማራቸው ሰቀለች፤ የመጀመሪያውን ግን በእጇ አስቀረችው። ሃኒ የዋንዛ ሳንቃዋን ሞርሳው ላይ አሰረች። የዚህች ሳንቃ ዋጋ በዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል፤ ስለዚህ በቀልድ አይነኳትም።

ማስተዋል ፊልሙን ሳንቃው ላይ አስተኛችው። «እርሳስሽን አቁመሽ ዙሪያውን ሂጂበት። ከዚያ መጀመሪያ የቅጠሉን መሐል መስመር ቀጥ አድርገሽ ትቆርጫለሽ። ቀጥሎ ከግራ አጋድመሽ ወደ መሐል፣ ከቀኝ አጋድመሽ ወደ መሐል። ሁለቱ ከሥር ከተገናኙ ፍቅፋቂው ራሱ ይነሣል። ካልተነሣ አትጎልጉዪው፤ አልተገናኙም ማለት ነው።»

ሃኒ አጎንብሳ ከቆየች በኋላ ቀና አለች፤ ደስ ብሏታል። «ቲቸር፣ አሁን እኮ የእንጨቱ ጅማት ጥርት ብሎ ይታያል! ያ ጥቁር ነገር ሁልጊዜ ይጋርደኝ ነበር። ማጠባቸው ጥሩ ነው።»

ሻሼ ማስተዋልን አየችና ሃኒን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ለምን እንደጎሸመቻት ግን ራሷም አታውቅም። ማስተዋል መሮውን ከጠረጴዛው አነሣች። እጀታው ላይ የጉርሜሳ መዳፍ የበላው ቦታ አለ፤ እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ዘንጉን ያዘችና እጀታውን ወደ ሃኒ አዞረችላት።

«አዎ፣ ይታያል» አለች። «ቁረጪ። እጅሽ ከኋላ።»

የመጀመሪያው ቅጠል ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ተነሣ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ ማስተዋልም ጥሩ ነው አለች። አሥር ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ሄዱ። መሥሪያውን ጠረገች፤ ፍቅፋቂውን በከረጢት ሰበሰበች፤ ፊልሙን የመጀመሪያው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ነፋሱ በቆርቆሮው ስንጥቅ እየገባ አሥራ አራቱንም ያንቀሳቅሳቸዋል። ወደ ቤት ገብታ ከሰሐኑ ሥር የነበረውን ግማሽ ዳቦ አወጣች። ደርቋል። ቆማ በላችው።

ንድፎቹ በሙሉ ተመልሰዋል። የጉርሜሳ ደረት የለም።